የእህል ዛላና መሪ ቃል በመሐለቅ ላይ፦ ከአክሱም ወርቅ እስከ ዛሬዋ ሳንቲም

አንድ መንግሥት ከሚያወጣቸው ሰነዶች ሁሉ በመጠኑ ትንሹ መሐለቅ ወይም በተለምዶ አጠራሩ ሳንቲም ነው። ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ በዚህች ጠባብ ክብ ላይ የሚቀረጸው ነገር በአጋጣሚ የሚመረጥ አይደለም። የገዢው ምስል፣ የአገር ስም፣ አንድ እንስሳ ወይም አንድ ዕፅ፣ ከጥቂት ቃላት የተሠራ መሪ ቃል፤ እነዚህ ሁሉ አንድ መንግሥት ስለ ራሱ ሊናገር የሚሻውን ነገር አጥብበው ይይዛሉ።

ብዙ አገሮች በገንዘባቸው ላይ ዕፅዋትን ይቀርጻሉ። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ፈረንሳይ ናት፤ ስንዴው፣ የወይራ ቅርንጫፉ፣ የባሉጥ ቅጠሉና ሦስት ቃላት ያሉት መሪ ቃሏ በዓለም ይታወቃሉ። ለመሆኑ በአገራችን የዕፅ ምስልና መሪ ቃል በመሐለቅ ላይ መቼ ተቀረጸ? የተቀረጸውስ ዕፅ የትኛው ነው? በሳይንስስ እንዴት ሊታወቅ ይችላል? በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የአክሱም መሐለቆች

የአክሱም መንግሥት የራሱን መሐለቅ ማተም የጀመረው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. መገባደጃ፣ ከ270 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስሙን በመሐለቅ ላይ በማስቀረጽ ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከእርሱ በኋላ ሥራው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቀጠለ። በጥንቱ ዓለም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ በሦስቱም ማዕድናት መሐለቅ ያሳትሙ የነበሩ መንግሥታት ጥቂት ናቸው፤ አክሱም ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ ነበረች።

በእንዱቢስ የወርቅ መሐለቅ ላይ ንጉሡ ከደረት በላይ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይታያል። ከበላዩ ለጋ ጨረቃና ክብ አለ፤ እነዚህም የቀድሞው እምነት ምልክቶች ናቸው። በዙሪያው ስሙና ማዕረጉ በግሪክ ፊደል ተጽፏል፤ ግሪክኛ በዚያን ዘመን የቀይ ባሕር ነጋዴዎች የጋራ ቋንቋ ነበርና። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን በንጉሡ ግራና ቀኝ የሚገኘው ነው። ሁለት የእህል ዛላዎች ከሥር ተነሥተው፣ ጎብጠው፣ ምስሉን እንደ ቅስት ያቅፉታል።

እነዚህ ዛላዎች በአንድ ንጉሥ ዘመን ታይተው የጠፉ አልነበሩም። ዛላዎቹ በተከታዮቹ ነገሥታት የወርቅ መሐለቆች ላይ ሳይቋረጡ ይታያሉ። በዚህ መካከል ትልቅ የታሪክ ለውጥ ተከሰተ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል፣ ከመሐለቁ ላይ ጨረቃውና ክቡ ተነሥተው በቦታቸው መስቀል ተተካ። የአክሱም መሐለቅ በዓለም ላይ መስቀል ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ መሐለቆች አንዱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱም ተለወጠ። ቀድሞ 2.7 ግራም ገደማ የነበረው የወርቅ መሐለቅ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ፤ ይህም በሮማው ንጉሠ ነገሥት በቆስጠንጢኖስ ዘመን ከተደረገው የወርቅ ገንዘብ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል።

እንግዲህ እምነቱ ተለወጠ፤ ክብደቱ ተለወጠ፤ ከራስ በላይ ያለው ምልክት ተለወጠ። ሁለቱ የእህል ዛላዎች ግን ባሉበት ቀሩ። ስለ ዕፅ ምልክቶች ልንረዳው የሚገባን የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው። እህል የአንዱ ወይም የሌላው እምነት ንብረት ስላልሆነ ሁሉም ወገን ሊቀበለው የሚችል ምልክት ነው። ንጉሡ በማንም አምላክ ስም ይንገሥ፣ ሕዝቡ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር የዓመቱን እንጀራ ነው።

ዛላው የምን እህል ነው?

የታሪክ መጻሕፍት ይህን ዛላ አንዳንዶቹ ስንዴ፣ ሌሎቹ ገብስ ይሉታል። ለዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ግን ስያሜው ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃው መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ ጤፍን እንመልከት። የኢትዮጵያ መለያ እህል ጤፍ ነውና በመሐለቁ ላይ ያለው እርሱ ሊሆን ይችላልን? የጤፍ ዛላ እንደ ስንዴ ጥቅጥቅ ያለ አይደለም። ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያሉት፣ የተበተነና የሚወዛወዝ ነው። ፍሬውም ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ አንድ ግራም ለመሙላት ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ ያስፈልጋል። በመሐለቁ ላይ የሚታየው ግን ፍሬዎቹ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ተጠጋግተው የተደረደሩበት ጠባብ ዛላ ነው። ስለዚህ ጤፍ ከዕጩዎቹ ይወጣል።

የቀሩት ስንዴና ገብስ ናቸው። ሁለቱ በአፈጣጠራቸው ዘመዳሞች ቢሆኑም የዛላቸው አሠራር ይለያያል። በገብስ ዛላ ላይ በእያንዳንዱ አንጓ ሦስት ንዑስ ዛላዎች ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ እያንዳንዱም አንዲት አበባ ብቻ ይይዛል። ሦስቱም ፍሬ ከሰጡ ገብሱ ባለ ስድስት ረድፍ ይሆናል፤ የመካከለኛው ብቻ ፍሬ ከሰጠ ደግሞ ባለ ሁለት ረድፍ ይባላል። በስንዴ ዛላ ላይ ግን በእያንዳንዱ አንጓ የሚገኘው አንድ ንዑስ ዛላ ሲሆን፣ በውስጡ ብዙ አበቦች ይኖሩታል። የገብስ ጢም አብዛኛውን ጊዜ ረዥምና እርስ በርሱ ትይዩ ነው፤ የስንዴ ጢም ግን እንደ ዝርያው ይረዝማል፣ ያጥራል ወይም ጭራሹን አይኖርም።

ይህ ልዩነት በእጅ በያዝነው እሸት ላይ በቀላሉ ይታያል። በመሐለቅ ላይ ግን ችግር አለ። አንድ የአክሱም የወርቅ መሐለቅ 17 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ ጽሑፉና የንጉሡ ምስል አብዛኛውን ቦታ ይይዛሉ፤ ለዛላው የሚተርፈው ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር የማይበልጥ ስፋት ነው። ቀራጩ ይህን በብረት ማተሚያ ላይ ገልብጦ ሲሠራ ፍሬውን በነጥብ፣ ጢሙን በጭረት ከመወከል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁለት የነጥብ ረድፍ ባለ ሁለት ረድፍ ገብስ ሊሆን ይችላል፤ ከጎኑ የታየ ስንዴም ሊሆን ይችላል። ከምስሉ ብቻ ተነሥቶ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ሳይንስ እንዲህ ባለ ጊዜ ከሌላ አቅጣጫ ማስረጃ ይፈልጋል። በአክሱምና በአካባቢዋ በተደረጉ ቁፋሮዎች ከጥንታዊ ቤቶች ወለልና ከምድጃ አመድ ውስጥ የከሰሉ ዘሮች ተገኝተዋል። በእሳት የከሰለ ዘር በነፍሳትም ሆነ በሻጋታ አይበላም፤ ስለዚህም ቅርጹን እንደያዘ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። አፈሩ በውኃ ሲታጠብ ቀላሉ ከሰል ይንሳፈፋል፤ ተለቅሞም በማጉያ መነጽር ይመረመራል። በዚህ ዘዴ ከተገኙት መካከል ገብስ፣ በአማርኛ አጃ የሚባለው ባለ ገለባ ስንዴና ጤፍ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም ዕጩዎች በአክሱም ማሳ ላይ ነበሩ።

ሦስተኛው ማስረጃ የተጻፈ ነው። የዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ ንጉሡ ያስገበራቸውን የቤጃ ሰዎች ወደ ሌላ ምድር ሲያሰፍር ለ4,400 ሰዎች በየቀኑ 22,000 ኅብስት ይሰጣቸው እንደነበር ይናገራል። ብንካፍለው ለአንድ ሰው አምስት ኅብስት ይደርሰዋል። ተርጓሚዎች ይህን ኅብስት ከስንዴ ወገን የተጋገረ ያደርጉታል። ይህ የዛላውን ማንነት አይወስንም፤ ሆኖም በዚያ ዘመን እህል የመንግሥት ጉዳይ እንደነበር፣ ንጉሡም ኃይሉን ከሚገልጥባቸው ነገሮች አንዱ ሕዝብን መመገብ መቻሉ እንደነበር ያሳየናል። የዛላው ትርጉም ከዚህ ሊርቅ አይችልም።

ወርቁ ምን ያህል ንጹሕ ነበር?

መሐለቅ የሚናገረው በምስሉ ብቻ አይደለም፤ በተሠራበት ማዕድንም ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት ግን በውስጡ የሚደባለቀው ብር እየጨመረ ሄደ። ዛላዎቹ እንደቀድሞው ጥጋብን እየተናገሩ ሳለ ማዕድኑ ስለ እጥረት መመስከር ጀመረ ማለት ነው።

ይህን ለውጥ በዓይን ማየት ይቻላልን? በስሌት እንፈትሸው። የንጹሕ ወርቅ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም፣ የብር ደግሞ 10.5 ግራም ነው። 1.6 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ወርቅ 0.083 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይይዛል። 70 በመቶ ወርቅና 30 በመቶ ብር ያለበት ተመሳሳይ ክብደት ግን 0.104 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እፍግታውም ወደ 15.4 ይወርዳል። የሁለቱም ስፋት 17 ሚሊሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ውፍረት 0.37 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 0.46 ሚሊሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ገበያተኛው በጣቱ ዳብሶ ሊለየው አይችልም።

መሐለቁን በቀጭን ክር አንጠልጥለን በውኃ ውስጥ ብንመዝነው ግን ምስጢሩ ይወጣል። ንጹሑ 0.083 ግራም፣ የተደባለቀው 0.104 ግራም ከክብደታቸው ያጣሉ። አርኪሜድስ የደረሰበት ይህ ዘዴ መሐለቁን ሳይቆርጥ፣ ሳይፍቅና ሳያቀልጥ እውነቱን ይናገራል። ዛሬ በቤተ ሙከራዎች የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያም ለዚሁ ያገለግላል፤ ነገር ግን የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። በመሬት ውስጥ ለዘመናት የቆየ መሐለቅ ከላዩ ላይ ብርና መዳቡ ታጥቦ ወርቁ ስለሚቀር መሣሪያው ከእውነቱ የበለጠ ንጽሕና ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ ሁለቱንም ዘዴዎች ያመሳክራል።

ሕዝቡን ያነጋገሩ መሪ ቃሎች

በወርቁ መሐለቅ ላይ ዛላው ሲናገር፣ በነሐሱ ላይ ደግሞ መሪ ቃል ይናገር ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል ትኩረት የሚሻ ነው። ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ለሚመጣ ነጋዴ፣ ነሐሱ ግን ለአገር ውስጥ ገበያ የታሰበ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየመን አል ማዳሪባ የተገኘው የተቀበረ ሀብት 868 የአክሱምና 326 የሮማ የወርቅ መሐለቆች ነበሩበት፤ የወርቁ ጉዞ እስከየት እንደነበር የሚመሰክር ነው።

ኡዋዜባስ በተባለው ንጉሥ የነሐስ መሐለቅ ላይ ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው መሪ ቃል በግሪክኛ ተቀርጿል። በዚሁ መሐለቅ ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለው ክብ በስስ ወርቅ የተለበጠ ነው። በነሐስ ላይ ለይቶ በአንድ ቦታ ብቻ ወርቅ መለበጥ የአክሱም ባለሙያዎች ልዩ ጥበብ ነበር። የመሐድዩስ ነሐስ ደግሞ በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ የሚለውን ሐሳብ በግዕዝ ይዟል። የኋለኛው የአርማሕ መሐለቅ ለሕዝብ ደስታ ይሁን የሚል ምኞት አለበት።

በዚያ ዘመን በነበሩ ሌሎች አገሮች መሐለቆች ላይ የሚበዛው የገዢው ማዕረግና የድሉ ውዳሴ ነው። የአክሱም ነሐስ ግን ሕዝብንና አገርን በስም ይጠራል። ቋንቋውም ቀስ በቀስ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተሸጋገረ። ንጉሡ በገበያ ላይ ላለው ሰው፣ ያ ሰው በሚገባው ቋንቋ መናገር መጀመሩን ያመለክታል።

የፈረንሳይ ተሞክሮ

አሁን ወደ ፈረንሳይ ብናማትር ተመሳሳይ ጥበብ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1897 ኦስካር ሮቲ የተባለው ቀራጭ ዘሪቱን ሴት ለፈረንሳይ የብር መሐለቅ ሠራት። ፀሐይ ከጀርባዋ እየወጣች፣ ከከረጢቷ ዘር እያፈሰች በማሳ ላይ ትራመዳለች። በሌላው ገጽ የወይራ ቅርንጫፍና ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት የሚሉት ሦስት ቃላት ይገኛሉ። ይህች ዘሪ ከፍራንክ ወደ ዩሮ ተሸጋግራ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ በ10፣ በ20 እና በ50 ሳንቲሞች ላይ ቀጥላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት አዲሶቹ የ1 እና የ2 ዩሮ መሐለቆች የባሉጥንና የወይራን ዛፍ አጣምረው ይዘዋል፤ ባሉጥ የጽናት፣ ወይራ የሰላም ምልክት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለመታሰቢያ በወጣ የ2 ዩሮ መሐለቅ ላይ በጦርነት የተጎዱ ወታደሮች መዘከሪያ የሆነችው ሰማያዊ የማሳ አበባ ተቀርጻለች።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 የታተመው የአሉሚኒየም አንድ ፍራንክ ነው። ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘችበት ጊዜ የቪሺ መንግሥት ሦስቱን የሪፐብሊክ ቃላት አንሥቶ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ አባት አገር በሚሉ ተካቸው። ዕፅዋቱን ግን አላነሣም። ሁለት የስንዴ ዛላዎችና የባሉጥ ቅጠሎች በመሐለቁ ላይ ነበሩ። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የቀድሞው መሪ ቃል ተመለሰ።

የአክሱምን ታሪክ ከዚህ ጋር ብናነጻጽር አንድ የጋራ ሥርዓት ይታየናል። መሪ ቃል የሥልጣን ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ሲለወጥ ይለወጣል። ዕፅ ግን የምድሩ ነው፤ ገዢዎች ይቀባበሉታል እንጂ አይፍቁትም። ከዚህም የተነሣ ዕፅ ለበጎም ለክፉም አገዛዝ ጌጥ ሊሆን እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል። መሐለቅን የሚያነብ ሰው ዛላውን አይቶ ብቻ መርካት የለበትም፤ ከዛላው አጠገብ ምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከፓሪስ የመጣው አንበሳ

ፈረንሳይና የኢትዮጵያ ገንዘብ በታሪክም ይገናኛሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብሔራዊ ገንዘብ ሲያቋቁሙ መሐለቆቹ የታተሙት በፓሪስ ማተሚያ ቤት ነበር። 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን የተቀረጸበት አንድ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ የብር ንጽሕናውም በሺህ 835 ነው። ዋናው ምልክቱ ዘውድ የጫነ አንበሳ፣ መሪ ቃሉም ሞዓ አንበሳ የሚለው የነገሥታቱ መጠሪያ ነበር።

አዲሱ ብር ግን በገበያ የጠበቀው ኃይለኛ ተፎካካሪ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብር። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ንጽሕናው በሺህ 833 ነበር። በሁለቱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ተመሳሳይ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን አልተወም። ነጋዴው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፤ ጠርዙንም ይዳስስ ነበር። በዚያ ጠርዝ ላይ በፍትሕና በምሕረት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን መሪ ቃል በጉልህ ተቀርጿል። ቃሉን የሚያነብ በገበያው ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጽሑፉ ጠርዙ እንዳልተፋቀ የሚያረጋግጥ ምልክት ነበር። መሪ ቃል ከትርጉሙ ሌላ የጥበቃ ሥራ እንዳለውም ከዚህ እንረዳለን።

በኪሳችን ያሉት ሳንቲሞች

በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች በአንድ ገጽ የአንበሳ ራስ፣ የኢትዮጵያ ስምና ዘመኑ በግዕዝ አኃዝ አሉባቸው። በሌላው ገጽ አሥር ሳንቲሙ ደጋ አጋዘንን፣ ከገበያ የጠፋችው የአሉሚኒየም አንድ ሳንቲም ደግሞ በሁለት በሬዎች የሚያርስ ገበሬን ይዘዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር መሐለቅ ሚዛን ተቀርጾበታል። ከአገር ስም፣ ከዘመንና ከዋጋ በቀር መሪ ቃል የለባቸውም። ዛላውም የለም፤ እርሻው ግን በገበሬው በኩል ቀርቷል። የአክሱም ቀራጭ የምርቱን ዛላ አሳየን፤ የ1969ኙ ቀራጭ የሚያመርተውን ሰው አሳየን። ሁለቱም ስለ አንድ ማሳ ይናገራሉ።

የእነዚህን ሳንቲሞች ማዕድን ተማሪዎች ራሳቸው ሊመረምሩ ይችላሉ። ለምሳሌ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳ፣ በጎፋ ወይም በጀሞ በሚገኝ ትምህርት ቤት ያለ የሳይንስ ክበብ ከየቤቱ መሳቢያ ሳንቲሞችን ቢሰበስብ ሙሉ ሙከራ ማካሄድ ይችላል። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። በመልክ አንድ ከሚመስሉት አሥር ሳንቲሞች አንዳንዶቹ በማግኔት ይሳባሉ፤ ሌሎቹ አይሳቡም። የሚሳቡት ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ስስ ሽፋን የሆኑት የኋለኞቹ እትሞች ናቸው። ቀጥላችሁ ከአንዱ ዓይነት ሃያ ሳንቲሞችን መዝኑ፤ በመስፈሪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁም ውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አንብቡ። ክብደቱን ለይዘቱ ብታካፍሉ እፍግታውን ታገኛላችሁ። ለብረት ወደ 7.8፣ ለመዳብና ለኒኬል ውሁድ ወደ 8.9 የሚጠጋ ቁጥር ይወጣል። በመጨረሻም ውጤታችሁን በሳንቲሞቹ ላይ ከተጻፈው ዘመን ጋር አስተያዩት። ውድ ማዕድን በርካሽ ማዕድን የሚተካበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የማዕድኑ ዋጋ ከሳንቲሙ ዋጋ ሲበልጥ ሳንቲሙን ማቅለጥ ከመገበያየት ይልቅ ያተርፋል።

የዛላውንም ጥያቄ እዚያው መፈተሽ ይቻላል። ዛሬ የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙበት ሜዳ ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበር። በዚያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ገብስን የሚያውቀው በቆሎነት፣ ስንዴን በዳቦነት ሊሆን ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት ከከተማው ዳርቻ ጥቂት የገብስና የስንዴ ዛላዎችን አምጥታችሁ አንጓ በአንጓ ብትፈቱ፣ ሦስቱን ንዑስ ዛላና አንዱን ንዑስ ዛላ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያም ዛላውን በሁለት ሚሊሜትር ስፋት ወረቀት ላይ ለመሣል ሞክሩ። የአክሱም ቀራጭ ምን እንደገጠመው የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ምልክቱና ዘሩ

ይህ ሁሉ የታሪክ ፍላጎትን ለማርካት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በማሳዎቻችን ላይ ባየው የገብስና የስንዴ ብዛት ተደንቆ ነበር። አገራችንም በዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት ተርታ እንድትቆጠር አደረገ። ከዚያ ወዲህ ገብስን የሚያቀጭጨውን የቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋም ዘረመል በኢትዮጵያ ገብሶች ውስጥ ተገኝቶ በሌሎች አገሮች ገብሶች ውስጥ እንዲዳቀል ተደርጓል። ለዱቄት መሰሉ የቅጠል በሽታም እንዲሁ መከላከያ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቷል። በአክሱም ወርቅ ላይ ጥጋብን የወከለው ዛላ ዛሬም የብዙ አገሮችን ማሳ የሚጠብቅ ሀብት ነው።

ይህን ሀብት ለመሰብሰብና ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻም እርሱ ነው። ጥበቃው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጤፍ ጉዳይ አሳይቶናል። ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር በተያያዘ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ያገኘው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዕፅን የአገር ምልክት አድርጎ መቅረጽ ቀላል ነው፤ ዘሩን መዝግቦ፣ ዘርቶና ተከራክሮ ማቆየት ግን የትውልድ ሥራ ነው።

መሐለቆቹም እንዲሁ ጥበቃ ይሻሉ። የአክሱም መሐለቅ ከዝናብ በኋላ በማሳ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ለመንገደኛ ይሸጣል። ያን ጊዜ የሚጠፋው አንድ ቁራሽ ማዕድን ብቻ አይደለም። የት፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር ተገኘ የሚለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ከአጠገቡ የነበረው የከሰለ የገብስ ፍሬ እኮ የዛላውን ጥያቄ ሊፈታ ይችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጽዳትም ሌላው አደጋ ነው። አረንጓዴውን ዝገት በሎሚ ወይም በአሸዋ ማሸት ወርቅ ቅቡን ከነጽሑፉ ይወስደዋል። በነሐሱ ውስጥ ከአፈር የገባ ክሎራይድ ካለ ደግሞ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ መዳቡን ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ሂደቱም በራሱ እየቀጠለ መሐለቁን ይበላዋል። ስለዚህ የተገኘ መሐለቅ ሳይታጠብና ሳይታሽ በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ባለሙያ መድረስ አለበት።

ሁለቱ ዛላዎች ጨረቃው ወርዶ መስቀሉ ሲወጣ፣ ወርቁ እየሳሳ ሲሄድም በቦታቸው ቆይተዋል። ስንዴ ይሁኑ ገብስ ገና አልተቆረጠም። መልሱ በአንድ ያልተነካ የአክሱም ወለል አመድ ውስጥ፣ ወይም አዲስ በሚገኝ ጥርት ባለ መሐለቅ ላይ ሊሆን ይችላል። ያን መልስ የሚያገኘው ሰው የማዕድኑን እፍግታ የሚያሰላ፣ የግዕዙን ጽሑፍ የሚያነብ፣ የገብስንም አንጓ ከስንዴ አንጓ የሚለይ ሊሆን ይገባዋል። ሦስቱም ትምህርቶች ዛሬ በየትምህርት ቤታችን ለየብቻ ይሰጣሉ፤ የሚቀረው በአንድ ተማሪ ራስ ውስጥ መገናኘታቸው ነው።